ውሃ ገብቶበታል

ላፕቶፔ የተበላሸው ሥራ በተደራረበብኝ ሰሞን ነው። ሥራ ጠፍቶ በተቀመጥኩባቸው ወራት እንደ ሰዓት ሲሠራ ከርሞ፣ ደንበኞቼ ሁሉ ተነጋግረው እንደመጡ በአንድ ላይ «ቶሎ ድረሽልን» ሲሉኝ ለገመ። ኑሮዬ ትርጉም ነው። የመድኃኒት መመሪያ፣ የእናቶች ጤና በራሪ ወረቀት፣ ሲገኝም የልብስ ማጠቢያ ማሽን አጠቃቀም ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ እመልሳለሁ። ቢሮ የለኝም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከአባቴ ጋር በምኖርበት ቤት፣ መኝታ ክፍሌ መስኮት ሥር አንዲት ጠረጴዛ አለችኝ፤ ቢሮዬ እሷ ናት።

አንድ ቀን ጠዋት ክዳኑን ስከፍተው ስክሪኑ በራ፤ ወዲያው ብልጭ ድርግም አለና ጠፋ። ክዳኑን ዝቅ ሳደርገው በራ። ቀና ሳደርገው ጠፋ። ብዙ ከታገልኩ በኋላ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ ክዳኑ እስከ ግማሽ ብቻ ሲከፈት እንደሚሠራ ነው። ከዚያ አንዲት ጣት ካለፈ ጨለማ ይሆናል። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ፣ አገጬን ጠረጴዛው ላይ ልጥል ምንም ሳይቀረኝ፣ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው እያጮለቅኩ መሥራት ጀመርኩ። አባዬ በደጃፌ ሲያልፍ አየኝና መርፌ የጣልኩ መስሎት «ምን ጠፋሽ?» አለኝ።

መጀመሪያ ላይ አልተናደድኩም። ዕቃው አዲስ ነው፤ ዋራንቲው ገና አላለቀም፤ ደረሰኙም ካርዱም ከነሳጥኑ አልጋዬ ሥር ተቀምጠዋል። እንደውም በልቤ ራሴን አመሰገንኩ። ከመንገድ ዳር ሰው የተጠቀመበትን ልግዛ እያልኩ ሳመነታ ቆይቼ፣ «ነገ ችግር ቢገጥምሽ ማንን ትጠይቂያለሽ?» ብዬ ራሴን መክሬ ነበር ቦሌ ከሚገኝ ትልቅ መደብር አዲስ የገዛሁት። ይኸው ችግሩ ገጠመኝ፣ የምጠይቀው ሰውም አለኝ።

መደብሩ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ላይ ነው። ከታች ይሸጣል፣ ከላይ ይጠገናል። ላይኛው ክፍል ባንኮኒ ላይ ጥፍሯን በሚገባ የተሠራች፣ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ ልጅ ተቀበለችኝ። ክዳኑን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ አሳየኋት። እሷም ራሷ ከፍ ዝቅ አድርጋ አየችና «ውይ፣ ይሄማ ማጠፊያው ጋ ነው» አለች። ደረሰኜን ፎቶ አነሳች፣ ላፕቶፑንና ስልክ ቁጥሬን ተቀበለች፣ «እንደውልልሻለን የኔ እናት» ብላ ሸኘችኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ከአባዶ ቦሌ ድረስ በሁለት ታክሲ ተንገላትቼ መምጣቴ እንኳ አልቆጨኝም።

አልተደወለም። ሲቆይብኝ እኔ ደወልኩ። «ቴክኒሻኑ ጋ ነው» አሉኝ። እንደገና ስደውል «ቴክኒሻኑ የለም» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ስደውል ስልኩ ሙዚቃ ሲያሰማኝ ቆይቶ ተዘጋ። እኔ እስከዚያ የሰው ጉሮሮ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት መመሪያ በስልኬ ላይ በአውራ ጣቴ እየጻፍኩ ነው። አንድ ፊደል ብስት ሰው በቀን አንዴ የሚውጠውን ሦስቴ ይውጣል። ዓይኔ ደም መሰለ።

በመጨረሻ በቴሌግራም መልእክት መጣልኝ። አንድ ፎቶ ነበር፤ ከሥሩም «ፈሳሽ ገብቶበታል። ዋራንቲው አይሸፍንም። በክፍያ እንዲሠራ ከፈለጉ ያሳውቁን» ይላል። ፎቶው ላይ አረንጓዴ የማሽን ሆድ ይታያል። መሃሉ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋለች፤ ቀልታለች። ከጥግ በኩል ደግሞ ዕቃውን የያዘ ሰው አውራ ጣት ገብቷል፤ ጥፍሩ በር የቆነጠጠው ይመስል ጠቁሯል።

ወዲያው ተነስቼ ሄድኩ። በዚያ ሰዓት መገናኛ ላይ ወደ ቦሌ የሚሄደው የታክሲ ሰልፍ አስፋልቱን ዞሮ ነበር። ቆሜ ሳለሁ በሆዴ የምናገረውን አዘጋጀሁ፤ ጥሩ ጥሩ ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ።

የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ወጥቶ አነጋገረኝ። ከእኔ የሚያንስ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ትሑት የሚመስል ሰው ነው። «እርስዎ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። ይህ አክብሮት ሳይሆን በር መዝጊያ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፎቶውን አሳየኝና ያቺ ትንሽ ወረቀት ፋብሪካ የሚለጥፋት ምልክት መሆኗን፣ ደረቅ ሆና ስትቆይ ነጭ፣ ውሃ ሲነካት ቀይ እንደምትሆን አስረዳኝ። ውሃ አላፈሰስኩበትም አልኩት። ሁሉም ደንበኛ እንደዚያ ነው የሚለው አለኝ። ውሃ ከገባበት ታዲያ ክዳኑ ግማሽ ላይ ሲሆን ለምን ይሠራል፣ ውሃው ክዳኑ ከፍ ሲል ነው የሚነቃው ወይ አልኩት።

«ማሽን ነው እህቴ» አለኝ። «ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።»

የማሽን ጥገና ኃላፊ ነው እንዲህ የሚለኝ። እሺ፣ ላፕቶፔን እዚህ አምጥታችሁ ክፈቱትና ቀዩን ምልክት በዓይኔ ልየው አልኩ። ደንበኛ ወደ ውስጥ አይገባም አለኝ። እኔ ልግባ አላልኩም፣ እሱ ይውጣ አልኩ። ባንኮኒው ላይ አቧራ ስላለ አይከፈትም አለኝ። ባንኮኒው እንደ መስታወት ነበር የሚያበራው፤ ፊቴን አየሁበት። ፊቴ ደስ አይልም ነበር።

ዋራንቲውን አወጣሁና አነበብኩለት። የምኖርበት ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሰው ሳያነብ እንደሚፈርምበት የማውቀውን ያህል፣ ውስጡ ምን እንዳለም አውቃለሁ። የፈሳሽ ጉዳት የሚባለው በምርመራ ሲረጋገጥ ነው ይላል። የት አለ ምርመራው? ፎቶው ምርመራ ነው አለኝ። ካልተስማማሁ ቅሬታዬን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ላይ ላለው ዋናው ቢሯቸው ማቅረብ እንደምችል ነገረኝ።

ዋናው ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ሰው ቡና አስመጣልኝ፣ ታሪኬን ከራስ እስከ እግር ሰማኝ፣ አዘነልኝ። ከዚያ ይህ ቴክኒካዊ ጉዳይ ስለሆነ ውሳኔው የጥገና ክፍሉ ነው አለኝ። ተመልሼ ጥገና ክፍል ስሄድ ኃላፊው ዋናው ቢሮ ካላዘዘኝ ምንም ማድረግ አልችልም አለ። በሁለቱ መካከል ስመላለስ፣ ያ አዲስ የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ የትኛዋ ንጣፍ እንደምትነቃነቅ አወቅኩ። አንዱ ጋ የደረስኩበትን ነገር ሌላው ጋ ይዤ ስሄድ እንደ አዲስ «ችግሩ ምንድን ነው?» ብለው ይጀምሩኛል። እኔም እንደ አዲስ እጀምራለሁ። አንድ ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ፤ ያቺ ድምፀ ለስላሳ ልጅ ውሃ በብርጭቆ አመጣችልኝ። የውሃው ነገር ጭራሽ አበሳጨኝ፤ ሳልጠጣው ወጣሁ።

የባሰው ግን ቤት ነበር። አንድ ማታ እራት እየበላን ስለ ምልልሱ ሳወራ፣ አባዬ ጉርሻውን አቆመና ረጋ ብሎ «እስኪ እውነቱን ንገሪኝ፤ ሻይ አፍስሰሽበት ነው?» አለኝ።

«አላፈሰስኩም አባዬ።»

«ሳታውቂው ቢሆንስ? አንቺ ሥራ ላይ ስትሆኚ ዙሪያሽን አታይም።»

ተነስቼ ክፍሌ ገባሁ። የሚያናድደው ነገር እኔም መጠራጠር መጀመሬ ነው። ያቺ ዝናብ በመስኮት የገባችበት ቀን ላፕቶፑ የት ነበር? የጠረጴዛዬ ጨርቅ ላይ ያለው ክብ ምልክት የምንድን ነው? ሰው ደጋግሞ፣ በትሕትና፣ «እርስዎ» እያለ ሲነግርሽ፣ ያላደረግሽውን ነገር ስታደርጊው ይታይሻል።

በማግሥቱ አባዬ ሱፉን ለብሶ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ሳሎን ተቀምጦ ጠበቀኝ። «እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ» አለ። አልፈለግኩም። አባቴ ከኮምፒውተር የሚያውቀው መዝጋቱን ነው፤ እሱንም ቢሆን ከግድግዳ በመንቀል። ዕድሜውን ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት ክፍል ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ቦሌን አውቃታለሁ ይላል፤ የሚያውቃት ግን ያሁኗን አይደለም። ጉልበቱም ደህና አይደለም። አይሆንም ብዬውም አልሰማኝም። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጦ፣ ከአባዶ ስንወጣ እንደ ልማዱ በሕንፃዎቹ መካከል እየጠቆመ «እዚህ ጤፍ ነበር፣ እዚያ ሽምብራ ነበር» አለኝ። እነዚህ ኮንዶሚኒየሞች የቆሙበት መሬት የአባቱ መንደር ነበር። እሱ በልጅነቱ ከብት የነዳበት ሜዳ ላይ እኛ ዕጣ ደርሶን ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ሌላ ቀን ቢሆን እሰማው ነበር። ያን ቀን ሆዴ ውስጥ የምደረድረው ክርክር ስለነበረኝ አልሰማሁትም።

ደረጃውን ቀስ ብለን ወጣን። ባንኮኒው ጋ ያለችው ልጅ «ፋዘር፣ ይቀመጡ» ብላ ወንበር አቀረበችለት። ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ኃላፊው ሲመጣ ገና አፌን ልከፍት ስል አባዬ በእጁ ምልክት አስቆመኝና ሰላምታ ሰጠው። የሰውየው አማርኛ ላይ አንዳች ነገር ሰማ መሰለኝ፣ በኦሮምኛ የየት አገር ሰው እንደሆነ ጠየቀው። ኃላፊው በኦሮምኛ መለሰ። አባዬ ቀጥሎ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀው፤ ከዚያ የአባቱን አባት።

ከዚያ በኋላ እኔ እዚያ አልነበርኩም ማለት ይቻላል። የኃላፊው አያት ከአባቴ መንደር ወንዙን ተሻግሮ ያለው ሰፈር ሰው ኖረዋል። በአንድ ዕድር ነበሩ፤ አንዱ የአንዱን በሬ ተውሶ አርሷል። የሞቱትን አንድ በአንድ አነሷቸው፤ ለእያንዳንዱ ከንፈር መጠጡ። መሬቱ ሲወሰድ ማን ወዴት እንደሄደ፣ ማን በሐዘን እንደሞተ፣ የማን ልጅ ውጭ አገር እንደሆነ። ያ ለእኔ እንደ ግድግዳ የነበረ ሰው ወንበር ስቦ አባቴ ፊት ተቀመጠ፤ ዓይኑ ራሰ። እኔ ደረሰኜን ይዤ ቆሜያለሁ። ሁለቱም የሚሉትን አንድም ሳይቀር እሰማለሁ፤ ቋንቋው የእኔም ነው። ስለ ላፕቶፕ ግን አንድ ቃል አልወጣም።

ሊነሳ ሲል ነው አባዬ፣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሁሉ፣ «እንግዲህ ይቺን የልጅቷን ነገር እስኪ እይልን» ያለው።

ኃላፊው ተነስቶ ወደ ውስጥ ስልክ ደወለ። በዋራንቲ እንዲሠራ አዘዘ። ይኸው ነው። ያ ሁሉ ዋናው ቢሮ፣ ያ ሁሉ ቀይ ምልክት በአንድ ስልክ ተነነ።

«ለእርስዎ ስል ነው አባባ» አለው አባቴን።

አባዬ መረቀው፤ ስልክም ተለዋወጡ። እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። «ስለዚህ ውሃ አልገባበትም ማለት ነው?» አልኩ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «እየተሠራልሽ ነው እኮ» አለኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «አንቺ» ሆኛለሁ፤ የሰው ልጅ ሆኛለሁ መሰለኝ።

«ገብቶበታል ወይስ አልገባበትም? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ኃላፊው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። አባዬ እጅጌዬን ጎተተና ደረጃውን ይዞኝ ወረደ።

መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆመን ተጣላን። እኔ ያልኩት፣ መብቴን በጠየቅኩበት ጊዜ ያልሰጡኝን አንተ በዝምድና ስትለምን ሰጡህ፤ ይሄ ለእኔ ስድብ ነው የሚል ነው። እሱ አልለመንኩም አለ። የሰው አገሩን ጠየቅኩ፣ ሰው ሰላም አልኩ፤ አንቺ ከበሩ ጀምሮ እየተኮስሽ ስትገቢ ማን ያናግርሻል አለኝ። በትሕትና ነበር የጀመርኩት፤ እሱ ግን ያየኝ በመጨረሻው ቀን ብቻ ነው።

«የፈለግሽው እንዲሠራልሽ ነው ወይስ ሰውየው እንዲሸነፍልሽ?» አለኝ።

«ሁለቱንም።»

ሳቀ። ሳቁ የባሰ አናደደኝ። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ባርኔጣውን አጠለቀና ወደ ታክሲው ገባ። እስከ ቤት አልተነጋገርንም።

ተሠርቶ አልቋል ተብዬ የተጠራሁ ቀን ብቻዬን ሄድኩ። ልጅቷ ላፕቶፑን አውጥታ ክዳኑን ወደ ኋላ ለጥ አድርጋ ከፈተችው። በራ፤ አልጠፋም። ምን እንደተቀየረለት ጠየቅኳት። ማጠፊያው ውስጥ የሚያልፈው የስክሪኑ ገመድ መሆኑን፣ ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ እየተበላ መበጠሱን ነገረችኝ። ይህን ስትነግረኝ ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር፤ መጀመሪያ ቀን ራሷ «ማጠፊያው ጋ ነው» ማለቷን የምታስታውስ መሰለኝ።

ከጎኔ፣ ባንኮኒው ጫፍ ላይ፣ ኃላፊው ከአንድ ክራባት ካሰረ ጎልማሳ ጋር ይነጋገራል። ሰውየው የእኔን የሚመስል ላፕቶፕ በፌስታል ይዟል። ልሰማቸው አልፈለግኩም፤ ግን ቃሉን ሰማሁት። ፈሳሽ ገብቶበታል። ምልክቱ ቀይ ሆኗል። ዋራንቲው አይሸፍንም። ሰውየው አልተከራከረም። ራሱን ነቀነቀ፣ ጭራሽም አመሰገነ፣ ፌስታሉን አንጠልጥሎ ወጣ።

ላፕቶፔን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ተከተልኩት። ደረጃው ላይ ደረስኩበት። ይቅርታ ጠይቄ የእሱ ብልሽት ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ክዳኑ ሲከፈት ስክሪኑ ይጠፋል አለኝ። ግማሽ ላይ ሲሆንስ ይሠራል ወይ አልኩት። ገርሞት አየኝ፤ «አዎ፣ ግማሽ ላይ ይሠራል» አለኝ።

«ውሃ አይደለም» አልኩት። «የእኔም እንደዚህ ነበር። ውሃ ነው ብለውኝ ነበር፤ አሁን ሲሠሩት ገመድ ሆኖ ተገኘ።»

«ተይው እህቴ» አለኝ፤ መሄድ ፈለገ። «የእኔ ውሃ ነው። ልጄ አፍስሳበት ነው።»

እንዴት እንዳወቀ ጠየቅኩት። ደረጃው ላይ ቆመ። ፎቶውን ሲልኩለት ቤት ልጆቹን ሰብስቦ እንደጠየቃቸው፣ ላፕቶፑን ብዙ ጊዜ የምትነካው ትልቋ ልጁ ስለሆነች እሷን እንደያዘ ነገረኝ። አላፈሰስኩም አለችው። «ፎቶውን አሳየኋት» አለኝ። «በማርያም ብላ ማለችልኝ። ስትምል ጭራሽ ተናደድኩ። በወንድሞቿ ፊት ውሸታም አልኳት። እሷ ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም።»

ፎቶውን ያሳዩኝ አልኩት። ስልኩን አወጣ። አረንጓዴ የማሽን ሆድ፣ የቀላች ትንሽ ወረቀት፤ ጥጉ ላይ ደግሞ ጥፍሩ የጠቆረ አውራ ጣት። የራሴን ስልክ ከፈትኩና ከአጠገቡ ያዝኩለት። እሱ አንዴ የእሱን፣ አንዴ የእኔን እያየ ቆየ። ስልኮቹን አቀራርቦ የአንዱን ፎቶ አውራ ጣት ከሌላው ጋር አስተያየ። ልዩነት አልነበረውም፤ ያው አንድ ፎቶ ነው።

ተመልሰን ወጣን። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። ኃላፊው አጎንብሶ አያቸው። ልጅቷም አየች፤ ወዲያው ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሯ መለሰች። ወረፋ ከሚጠብቁት ሰዎች አንዳንዶቹ ጠጋ አሉ።

«የማን ላፕቶፕ ነው ይሄ?» አልኩት። «የእኔ ነው የእሳቸው?»

ኃላፊው ስልኮቹን ወደ እኔ ገፋ አደረጋቸው። «ለማሳያ ነው» አለ።

«ምን ማለት ነው ለማሳያ?»

«ችግሩ ምን እንደሚመስል ለደንበኛ ለማሳየት የምንልከው ፎቶ ነው። የእርስዎ ነው አላልንም።» እንደገና «እርስዎ» ሆንኩ።

ሕይወቴን ያሳለፍኩት በቃላት መካከል ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ተርጉሜ አላውቅም። ክራባት ያሰረው ሰውዬ ነው የተናገረው፤ ድምፁንም አላነሳም። «እኔ በዚህ ፎቶ ልጄን ውሸታም ብያታለሁ» አለው። ሌላ ነገር አልጨመረም። ፌስታሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

ከቆሙት አንዲት ሴት «ኧረ አምላክን ፍሩ» አለች፤ ቀስ ብላ ነው ያለችው። ኃላፊው ፌስታሉን ወሰደና ለልጅቷ አቀበላት፤ በዋራንቲ ብለሽ መዝግቢው አላት። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማ፣ «እኔ አባትሽን አክብሬ ነበር የሠራሁልሽ» አለኝ። ቅር ያለው ከልቡ ነበር፤ ፊቱ ላይ ይታያል። የዘመድ ልጅ አዋረደችኝ ብሎ ነው የቆጠረው።

«አባቴን ስላከበርክ አመሰግናለሁ» አልኩት። «እኚህ ሰው ግን አባታቸውን ይዘው አልመጡም።»

ከሰውየው ጋር ስልክ ተለዋወጥንና ተለያየን። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር የማስበው፤ ደስታ ግን አልተሰማኝም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ የሚረባው መልስ ሁሉ አንድ በአንድ መጣልኝ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ለማሳያ ከሆነ ለምን «ምርመራ ነው» አልከኝ? ለማሳያ ከሆነ የእኔን ማን ከፍቶ አየው? ስንት ሰው ነው ይህን ጣት እያየ ቤቱ ገብቶ ልጁን፣ ሠራተኛውን፣ ራሱን ሲጠረጥር የከረመው?

ቤት ስደርስ አባዬ በረንዳ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ኃላፊው ደውሎለት ኖሯል። ፊቱ ደስ አላለኝም።

«ሰው አክብሮን ነበር» አለኝ። «በሰው ፊት አዋረድሽው። እኔንም አሳፈርሽኝ። የአያቱን ስም ጠርቼ የገባሁበት ቤት ነው።»

ቦርሳዬን ሳላወርድ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ፎቶው፣ ስለ ጣቱ፣ ስለ «ለማሳያ ነው»። እጁን አወናጨፈ፤ ነጋዴ ሁሉ እንደዚያ ነው፣ ዕቃሽን ይዘሽ መምጣት ነበረብሽ አለ። ከዚያ ስለ ሰውየው ልጅ ነገርኩት። በማርያም ስለማለችው፣ በወንድሞቿ ፊት ውሸታም ስለተባለችው። እዚህ ላይ እጁን ማወናጨፉን ተወ። ወንበሩን ፈልጎ ተቀመጠ።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለኝ።

«አልጠየቅኩም።»

«አባትየው ዛሬ ይነግራታል?»

«ይነግራታል መሰለኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ኃላፊው ተመልሶ ቢደውል እኔን እንዲያገናኘው ነገርኩት። «አይደውልም» አለኝ። «ቢደውል ደግሞ እኔ አናግረዋለሁ፤ አያቱ እንዲህ ያለ ነገር አይወዱም ነበር።» እኔ ያቀረብኩለት ክርክር ሁሉ ያላንቀሳቀሰውን ሰው ይህ ያንቀሳቅሰው እንደሆነ እንጃ። ኃላፊው ደውሎለት ይሁን ሳይደውል ቀርቶ እስካሁን አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያ ክራባት ያሰረ ሰው መልእክት ላከልኝ። ላፕቶፑ ተሠርቶለታል፤ የእሱም ገመድ ነበር። ልጁን ቁጭ አድርጎ ይቅርታ እንደጠየቃት ጻፈልኝ፤ እሷም እሺ ብላዋለች። «አሁን ታናግረኛለች» ይላል። «ላፕቶፑን ግን አትነካም። የቤት ሥራዋን በእጇ ነው የምትጽፈው። ክፈቺው ስላት ይቅርብኝ ትላለች።»

አባዬ ጋዜጣ እያነበበ ነበር፤ አነበብኩለት። «ልጅ ነች፤ ትረሳዋለች በይው» አለኝ። እንደዚያ ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ቆይቼ «ይቅርታዎን አንድ ጊዜ ደግሞ በወንድሞቿ ፊት ይንገሯት» ብዬ ላክሁለት።

መልሱ ወዲያው አልመጣም። ላፕቶፑን ከፈትኩና የጀመርኩትን መመሪያ መተርጎም ቀጠልኩ። ወደ ማታ አካባቢ «እሺ» የሚል አንድ ቃል ገባ።